ቀኙ ለቁስል፣ ግራው ለሆድ

ዕቃ ጠፍቶበት የሚፈልግ ሰው ማዕረግ የለውም። ሹሙም ባላገሩም እኩል ተንበርክኮ አልጋ ሥር ያያል፤ ሹሙም ባላገሩም እኩል «አሁን እዚህ አድርጌው!» እያለ የቤቱን ሰው ሁሉ በዓይኑ ይጠረጥራል። እናንተ ደግሞ አትሳቁ፤ የበራችሁን ቁልፍ ስትፈልጉ ኪሳችሁን እንዴት እንደምትዳብሱ ጎረቤቶቻችሁ ያውቃሉ። እኔ በበኩሌ ንፋስ መውጫ ከተማ ያሰፋሁት ካፖርት አለኝ። ልብስ ሰፊው ወዳጄ ነውና ሊያስደስተኝ ብሎ ኪስ አበዛበት፤ ከውጭ፣ ከውስጥ፣ ብብቴ ሥር ሳይቀር። ከዚያ ወዲህ ያስቀመጥኩትን አግኝቼ አላውቅም። ቁልፌን ስፈልግ መነጽሬን አገኛለሁ፤ መነጽሬን ስፈልግ አምና የጠፋ ቁልፍ ይወጣል። ኪስ ሲበዛ የሚበዛው መዳበስ ነው እንጂ ማግኘት አይደለም።

ታዲያ ካፖርቴን በዳበስኩ ቁጥር ትዝ የሚለኝ የእህቴ ባል ዝናር ነው። የዝናሩ ባለቤትም፣ ዝናሩን የፈሩትም ሰው ዛሬ አፈር ለብሰዋልና ባወራው የሚያስቀይመው ሰው የለም።

ዝናር እንግዲህ ወገብ ላይ የሚታጠቁት ወይም ደረት ላይ አግድመው የሚያጠልቁት የጥይት መያዣ ጠፍር ነው። በእኛ በስማዳ፣ በዚያ በጃንሆይ ዘመን፣ የአንድ ሰው ክብር የሚነበበው ከዝናሩ ነበር። በሬውን ቆጥሮ፣ ጎተራውን አይቶ የሚገምት የዋህ ነው፤ ብልህ የሚያየው ደረቱን ነው። «ዝናሩ ሙሉ ነው» ከተባለ ነገሩ አለቀ። ጥይቱን አውጥተህ አሳየኝ ማለት ደግሞ የሰውየውን ሚስት ስም በአደባባይ ከመጥራት የከፋ ነውር ነው። ስለዚህ ማንም አይጠይቅም፣ ማንም አያሳይም፣ ሁሉም ይፈራል። አገራችን በዚህ ዓይነት በሰላም ትኖር ነበር።

የእህቴ ባል አያ ጓንጉል ይባላል። በጠላት ዘመን በረሃ ወርዷል፤ ይህ ሐሰት የለበትም። የወረደው ግን ሊተኩስ ሳይሆን የተተኮሰባቸውን ሊያክም ነው፤ ወጌሻ ነበረ። አጥንት ይጠግናል፣ ቁስል ይሰፋል፣ ደም ያቆማል። ጠላት ወጥቶ ሰላም ሲሆን አገሩ ሁሉ ስንት እንደጣለ ሲፎክር፣ ስንት አነሳህ ብሎ አያ ጓንጉልን የጠየቀው የለም። እሱም አልተናገረም። ሰው አርበኛ ነው ካለው እሱ ማነውና ያስተባብላል? ከበረሃ ይዞ የተመለሰው አንድ አሮጌ ውጅግራ ጠመንጃና አንድ ከረጢት ቀለሃ ነው። ቀለሃ ማለት ጥይቱ ከተተኮሰ በኋላ የሚቀረው ባዶው የናስ ቤት ነው። የውጅግራ ቀለሃ ደግሞ ወፍራም ነው፤ ትንሽ ጣት ዘው ብላ ትገባበታለች።

«ይህን ያህል ባዶ ቤት ታቅፈህ ከምትቀመጥ» አለችው እህቴ ስንዱ፣ «ለምን ዕቃ አናስገባበትም?»

ስንዱ ሥርዓት የምትወድ ሴት ናት። ቤቷ ውስጥ እያንዳንዱ ነገር ቦታ አለው፤ ባሏም ሳይቀር ቦታ አለው። ባሏ ለሕመምተኛ ሲጠራ ሰልቻውን አራግፎ መርፌውን ከጨው፣ ጨውን ከኮሶ ለይቶ እስኪያወጣ በሽተኛው ወይ ይድናል ወይ ይሞታል። ይህ ያንገበግባት ነበር። ስለዚህ ቀለሃዎቹን በአመድና በሎሚ አሸች፣ በያንዳንዱ ውስጥ አንድ አንድ ነገር ከተተች፣ አፋቸውን በሰም ዘጋች፤ አያ ጓንጉል ደግሞ ሰሙን በጥላሸት አጥቁሮ የጥይት እርሳስ አስመሰለው። ከሩቅ ያየው ሰው ለአንድ ጦርነት የሚበቃ ጥይት ነው ብሎ ይምላል።

አደራደሩ የስንዱ ነው። ቀኙ ለቁስል፣ ግራው ለሆድ። በቀኝ በኩል ከብብቱ ሥር ደም የሚያቆመው የሸረሪት ድር፣ ከእሱ ቀጥሎ መርፌና መስፊያ የሚሆን የፈረስ ጭራ፣ ከዚያ እሬት። በግራ ኮሶው፣ ፌጦው፣ ዝንጅብሉ። መካከል ላይ ጨውና ክብሪት። ጨለማ ቢሆን እንኳ እጅ ሳይሳሳት እንዲያገኝ ነው። የሸረሪት ድሩን ለመሰብሰብ ስትል የጓዳዋን አንድ ማዕዘን ጠርጋ አታውቅም፤ ጎረቤቶቿ «ያቺ ጽዱ የምትባለው ሴት ጓዳዋ ሸረሪት አድርቶበታል» እያሉ ያሟት ነበር። እሷ ሐሜቱን ችላ ድሩን ትሰበስባለች።

ባልና ሚስቱን የሚያጣላቸው አንድ ነገር ብቻ ነበር። የቁስሎቹ ቀለሃዎች ቶሎ ቶሎ ስለሚከፈቱ በእጅ ብዛት ጠቁረዋል። የሆዶቹ ግን ሰው በየቤቱ ኮሶውን ስለሚጠጣ እምብዛም አይነኩምና እንደ ፀሐይ ያበራሉ። አያ ጓንጉል አደባባይ ሲወጣ የሚያበሩት ከፊት ቢሆኑለት ይወዳል። ስንዱ «ዝናር የሚታጠቁት ለሕመምተኛ ነው» ትላለች፤ እሱ «ዝናር የሚታጠቁት ለጠላት ነው» ይላል። እውነቱን ለመናገር ሁለቱም ልክ ነበሩ፤ ምክንያቱም ጠላት ነበረው።

ጠላቱ ግራዝማች ደምሌ ናቸው። አያ ጓንጉል ከወንዙ ዳር ሽምብራ የምታበቅል አንዲት የጥቁር አፈር ማሳ አለችው፤ ቤቱ የሚበላው ከእሷ ነው፣ ሌላው መሬቱ ድንጋይ ነው። ግራዝማች ይህችን ማሳ «በአያቴ በኩል ትደርሰኛለች» ይላሉ። በእኛ አገር የማንኛውም ሰው አያት ከማንኛውም ማሳ ጋር ዝምድና አያጣም። ነገሩ ዳኛ ፊት ቀርቦ እንደ ብዙዎቹ ነገሮች እዚያው እንቅልፍ ወስዶታል። ግራዝማች በሬ ጠምደው ድንበሩን እንዳይሻገሩ የያዛቸው ዳኛው አልነበረም። የያዛቸው የአያ ጓንጉል ዝናር ነው። ኮሶና ፌጦ አንድ ማሳ ሲጠብቁ ዓመታት አለፉ ማለት ነው።

ለዚህ ዝና ደግሞ አያ ጓንጉል የራሱ ብልሃት ነበረው። በለቅሶ ላይ ባለ ጠመንጃ ሁሉ ለሟቹ ክብር ወደ ሰማይ መተኮሱ ወግ ነው። እሱ ተኩሶ አያውቅም። ሲጠይቁት «እኔ ለተኛ ሰው ጥይት አላወጣም፤ የቆመ አለብኝ» ይላል፤ ይህን ሲል ዓይኑን ወደ ግራዝማች ይልካል። የሰማው ሁሉ ይቀዘቅዘዋል። ግራዝማችም በበኩላቸው አይተኩሱም። «የእኔ ጠመንጃ ከጮኸ በከንቱ አይጮህም» ይሉና ክዳን ያለውን የወገባቸውን ዝናር ቸብ ቸብ ያደርጉታል። ሰው እነዚህን ሁለት ሰዎች ሲያይ የሚተኩሱትን ትቶ የማይተኩሱትን ይፈራ ነበር።

እንግዲህ ወደ ነገሬ ልምጣ። አንድ የተከበሩ ሽማግሌ ዐርፈው አገሩ ሁሉ ለቅሶ ወጣ። ስንዱ ከሴቶቹ ጋር ቀደም ብላ ሄዳ ነበር። እኔ አያ ጓንጉልን ልወስደው ቤቱ ስደርስ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ቀለሃ ያወጣል፣ ቀለሃ ይከታል። የሚያበሩት ወደ ፊት፣ የጠቆሩት ወደ ጀርባ።

«እህቴ ብታይህ ጉድ ይፈላል» አልኩት።

«ለቅሶ ላይ ማን ይቆስላል?» አለኝ።

ለቅሶው ደመቀ። ሙሾው ወረደ፣ ፉከራው ወጣ። ግራዝማች ደምሌ በበቅሏቸው ላይ ሆነው ገና ከመድረሳቸው፣ ከሟቹ ዘመዶች አንዱ ሐዘኑ በርትቶበት ነው መሰል ጠመንጃውን በበቅሏ ጆሮ ሥር ተኮሰ። በቅሏ በኋላ እግሯ ቆመች። ግራዝማች ወደቁ። ሲወድቁ ጎራዴያቸው ከአፎቱ ግማሽ ወጥቶ ነበርና ጭናቸውን ሸነተረው። ደሙ እየገፋ ወጣ።

ደም ሲታይ ሰው ሁሉ ሐኪም ይሆናል። አንዱ «ውኃ አምጡ» ይላል፣ አንዱ «ውኃ እንዳይነካው» ይላል፣ አንዱ ራሳቸውን ከፍ ሲያደርግ ሌላው እግራቸውን ከፍ ያደርጋል። እውነተኛው ሐኪም ያለው ንፋስ መውጫ ነው፤ እዚያ ለመድረስ ደግሞ ገደል ወርዶ ገደል መውጣት አለ። ግራዝማች እዚያ እንደማይደርሱ ሁሉም ያውቃል። እኔ ግን ግራዝማችን ትቼ አያ ጓንጉልን አየሁት። ቆሟል። ቀኝ እጁ ደረቱ ላይ ነው።

እስቲ እናንተ በእሱ ቦታ ሁኑ። ግራዝማች ቢሞቱ ማሳዋ ትተርፋለች፤ የሚወቅሰውም የለም፣ ጎራዴው የራሳቸው ነው። ዝናሩ ቢከፈት ግራዝማች ይተርፋሉ፣ ማሳዋ ትሄዳለች፤ ጥይት እንደሌለው አገር ያያላ! እኔ እዚያ ቆሜ አማቼን አየሁትና በውስጤ «ዝም በል፣ ዞር በል» አልኩት። ልቤ የተናገረው ይኸው ነው።

ስንዱ ግን ከሴቶቹ መካከል ሙሾዋን አቋርጣ ጮኸች። «አንተ ሰውዬ! ምን ይገትርሃል? ሰው እያለቀ! ከቀኝህ፣ ከብብትህ ሥር! ቀኙ ለቁስል፣ ግራው ለሆድ አላልኩህም?»

አያ ጓንጉል እንደ ነቃ ሰው ተንቀሳቀሰ። ወደ ግራዝማች ሮጠና ከብብቱ ሥር አንድ ቀለሃ መዞ አወጣ። ያን ጊዜ ለቅሶው ሁሉ ቀጥ አለ። አስቡት፤ ለዓመታት «የቆመ አለብኝ» ሲል የኖረ ሰው፣ ጠላቱ ሲወድቅ ጥይት መዞ ሄደ።

«ሊጨርሳቸው ነው!» አለ አንዱ። የግራዝማች የወንድም ልጅ ጠመንጃውን አቀባብሎ አማቼ ላይ ደቀነ። ግራዝማችም ዓይናቸውን ገለጥ አድርገው «ጓንጉል፣ በወደቀ ሰው?» አሉት። የዚያ ድምፅ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል።

አያ ጓንጉል አጠገባቸው ተንበረከከ። ቀለሃውን በጥርሱ ያዘና አፉን ነከሰው። ጥቁሩን ሰም ተፋና ውስጡን መዳፉ ላይ ገለበጠ። ቀይ ቀይ የደረቀ አበባ ነው። አንዲት አሮጊት ጎንበስ ብለው አሸተቱና ለአገሩ ሁሉ በሚሰማ ድምፅ «ኧረ ኮሶ ነው!» አሉ።

የወንድማቸው ልጅ ጠመንጃውን ዝቅ አደረገ። ማንም አልሳቀም፤ መሳቁ ገና አልደረሰም። አያ ጓንጉል ሌላ መዘዘ፤ ፌጦ። ሌላ መዘዘ፤ ጨው። የግራዝማች ደም ይፈስሳል፣ ዝንጅብሉም ወጣ። ይህን ጊዜ ስንዱ ሰዉን ገፍታ ደረሰች።

«ማነው የነካካው?»

«እኔ ነኝ።»

«ለምን?»

«ያበራል ብዬ ነዋ!»

ስንዱ በዚያ ጭንቅ ውስጥ ለባሏ ልትለው የምትችለውን ሁሉ ዋጥ አድርጋ ዝናሩን ከደረቱ ገፈፈችው። በጣቷ እየዳበሰች የጠቆሩትን ከጀርባው አገኘች። ጠፍሩን ግን አልመለሰችለትም፤ ጭናቸው ላይ ከቁስሉ በላይ ጠመጠመችና «ሳበው» አለችው። ሳበው። ደሙ ገታ ሲል የሸረሪት ድሩን ቁስሉ ውስጥ ወተፈ፣ መርፌውን በክብሪት ለበለበ፣ በፈረስ ጭራው መስፋት ጀመረ። ግራዝማች የጎራዴያቸውን አፎት ነክሰው ቻሉት። የሸረሪት ድሩ ቀለሃ መሬት ወድቆ ነበርና የምትቁነጠነጠው በቅሎ ረግጣ ጠፍጣፋ አደረገችው።

መሐል ላይ ትንፋሽ አጠራቸውና አያ ጓንጉል «ወገባቸውን ፍታላቸው» አለኝ። ፈታሁ። የዝናራቸው ክዳን በእጄ ተገለጠ። ከክዳኑ ሥር በሥርዓት የተደረደረው የተጠረበ ወይራ ነው፤ ጫፍ ጫፉ በእሳት ጠቁሯል። ከመቆለፊያው አጠገብ፣ ሰው በሚያየው በኩል፣ አንዲት እውነተኛ ጥይት ነበረች። አንዲት ብቻ። እኔ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። አያ ጓንጉል መርፌውን እንደያዘ አየ፤ ግራዝማችም ማየቱን አዩ። ሁለቱ ዓይን ለዓይን ተያዩ።

«ጋቢህን ጣልባቸው እንጂ፣ ይበርዳቸዋል» አለኝ አያ ጓንጉል፣ ሰው እንዲሰማው ድምፁን ከፍ አድርጎ። ጣልኩባቸው።

ግራዝማች በቃሬዛ ወደ ቤታቸው ተወሰዱ፤ የአያ ጓንጉልም ዝናር ጭናቸው ላይ እንደታሰረ አብሮ ሄደ። የዘገየው ሳቅ በማግስቱ ደረሰ። የወገዳ ገበያ ለሳምንታት ሌላ ወሬ አልነበረውም። አንዱ ሆዱን ይዞ ይመጣና «አያ ጓንጉል፣ ወስፋቴ ተነሥቶብኛል፣ አንዲት ጥይት አቅምሰኝ» ይለዋል። በረሃ አብሮ የወረደ ሁሉ ሳይቀር «ድሮም ጠርጥረን ነበር» አለ። ሕይወት ያተረፈ ሰው ነው ያለ አልሰማሁም። እኔ ተናደድኩ፤ የምናደድበትም ምክንያት ነበረኝ፤ መልሱ በእጃችን ነው።

«ለምን አትናገርም?» አልኩት። «የእሳቸው ዝናር እንጨት ነው በል። ምስክሩ እኔ ነኝ። ማሳህን ሊወስዱብህ ነው እኮ!»

«ወገባቸውን ያስፈታሁት ለማከም ነው» አለኝ። «ለማከም ተፈትቶ የታየ ገላ ገበያ አይወጣም። በረሃም ሳለሁ ስንቱን አይቻለሁ፤ ሲነጋ የሚፎክረውን ሌሊት ሲያለቅስ አይቼዋለሁ። ለማን ተናገርኩ?»

ለስንዱ እንኳ አልነገራትም። እኔም አፌን እንድይዝ አስማለኝ። እንደምታዩት እስከ ዛሬ ይዤ ነበር።

የእርሻው ወራት ደረሰ። አያ ጓንጉል በሬዎቹን ጠምዶ ወደ ወንዙ ማሳ ወረደ፤ ደረቱ ባዶ ነው። ስንዱ ከቤት ቆማ ታየዋለች፣ እኔ በትር ይዤ ተከትዬዋለሁ፤ በትሩ ምን እንደሚያደርግልኝ ግን አላውቅም። ገና አንድ ትልም ሳያወጣ ከወዲያኛው ወገን ሰው ብቅ አለ። ግራዝማች ናቸው። ምርኩዝ ይዘው እያነከሱ፣ ብቻቸውን። የአያ ጓንጉል ዝናር ትከሻቸው ላይ ተንጠልጥሏል። ድንበሩ ላይ ያለችው ግራር ዘንድ ሲደርሱ ቆሙ።

«እንደምን አደርክ ጓንጉል?»

«እግዚአብሔር ይመስገን ግራዝማች። እግርዎ እንዴት ነው?»

«ስፌትህ ጥሩ ነው፤ ኮሶህን ግን አልሞከርኩትም።» ዝናሩን ከትከሻቸው አውርደው ዘረጉለት። ከዚያ ግራሯን በምርኩዛቸው ነካ አደረጉ። «ድንበሩ ይቺው ናት። አያቴ ተሳስተው ይሆናል፤ ሲያረጁ ብዙ ነገር ይረሱ ነበር።» ይህን ብለው ዞሩና እያነከሱ ሄዱ። አያ ጓንጉል እርፉን ይዞ እስኪሰወሩ ድረስ አያቸው። ከዚያ እንባውን በእጅጌው ጠረገና በሬዎቹን «ና!» አላቸው።

ማታ ስንዱ ዝናሩን ጭኗ ላይ አድርጋ ማጣራት ያዘች። ደሙ ታጥቧል፣ ጠፍሩ ቅቤ ተቀብቷል። የግራዝማች ቤት ሰዎች የተከፈቱትን ቀለሃዎች መልሰው ሞልተዋል፤ ግራው ለሆድ፣ ቀኙ ለቁስል፣ እሷ በጮኸችው መሠረት። ከብብት ሥር፣ ድሩ ይቀመጥበት በነበረው ቦታ፣ አንድ የማታውቀው ነገር ተሰክቷል። አወጣችና በእሳቱ ብርሃን አገላበጠችው። ጥይት ነው። እውነተኛ ጥይት። እኔ ሳየው ወዲያው አወቅሁት፤ አያ ጓንጉልም አወቀው። ግራዝማች ደምሌ ከዚያ ቀን ወዲህ የሚታጠቁት የወይራ እንጨት ብቻ ነው ማለት ነው።

«ይኸ ደግሞ ለምን በሽታ ነው?» አለች ስንዱ።

«የግራዝማች ስጦታ ነው» አላት ባሏ፣ ወደ እሳቱ እያየ።

«ጥይት እኛ ዘንድ ምን ይሠራል? እኔ ለድሩ ቤት አጥቻለሁ። እርሳሱን ንቀልልኝ።»

ጉጠቱን አምጥቶ ነቀለላት። ስንዱ ባሩዱን ምድጃው ላይ ነሰነሰችው። ብልጭ አለና ጠፋ። ሁለት ቤት ለዓመታት ሲፈራው የኖረው ተኩስ ይኸው ነበር፤ የተጎዳችው ድመቷ ብቻ ናት፣ ደንግጣ ከቤት ወጣች። ስንዱ ተነሥታ ከማትጠርገው ማዕዘን ድሩን ሰብስባ መጣችና ቀለሃው ውስጥ ጠቀጠቀችው፣ በሰም ዘጋችው፣ ከብብት ሥር ሰካችው። ዝናሩን ከፍ አድርጋ ከዳር እስከ ዳር አየችው።

«አሁን ገና ሞላ» አለች።